«የለም» እና «አላገኘሁም»

ሰው ከሰው የሚበልጠው በሚያውቀው ነገር ብዛት ብቻ ሳይሆን በአጠያየቁም ጭምር ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ በራሴ ቤት፣ በራሴ ስሕተት የተማርሁት ነው እንጂ። ብልህ ከሰው ስሕተት ይማራል፣ ሞኝ ግን ከራሱ ስሕተት ይማራል ይባላል። እኔ በዚህ ጕዳይ ከሁለተኛው ወገን ሆኜ ስለ ተገኘሁ፣ አንባቢ ከፊተኛው ወገን ይሆን ዘንድ የደረሰብኝን ሳልደብቅ ለመጻፍ ቈርጫለሁ።

ወደ የካ ሚካኤል ሠፈር የገባሁት በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ነው። የተከራየሁት ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ይገኛል። ከደጃፉ ቆሞ ወደ ላይ ለሚመለከት ሰው ባሕር ዛፍ የለበሰው ሰንሰለታማ ተራራ ይታየዋል፤ ከዚያው ከየካ ተራራ ላይ ከዓለት ተፈልፍሎ የተሠራው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል አለ። ወደ ታች ለሚመለከት ደግሞ የካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንና ዋናው አስፋልት ይታዩታል። አስፋልቱ በምሥራቅ ወደ መገናኛ፣ በምዕራብ በእንግሊዝ ኤምባሲና በቀበና አድርጎ ወደ አራት ኪሎ ይወስዳል። ወር በገባ በ12ኛው ቀን፣ የሚካኤል ዕለት፣ መንገዱ ነጭ በለበሰ ሕዝብ ይሞላል፤ በሌላው ቀን ግን ገና ጎሕ ሲቀድ የሚሰማው «አራት ኪሎ! ፒያሳ!» እያሉ የሚጣሩት የታክሲ ረዳቶች ድምፅ ነው።

በዚያ ዓመት ከተማይቱ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ መንገዶቿን በማስፋትና የእግረኛ መሄጃዎቿን በማደስ ላይ ነበረች። የተሠራው ነገር ያማረ ለመሆኑ ዐይን ይመሰክራል። ነገር ግን ለሠፈሩ አዲስ የሆነ እንደኔ ያለ ሰው አውቶቡስ የት እንደሚቆም፣ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ በቀላሉ ሊያውቅ አልቻለም፤ የትናንቱ ማቆሚያ ዛሬ ሌላ ቦታ ሆኖ ይገኛልና።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ታላቅ እኅቴ ከሰሜን ሸዋ ወደ እኔ መጣች። እናታችን በልጅነታችን ስለ ሞተች አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችኝ እርሷ ናት። የመጣችበትም ምክንያት ዐይኗን ለመታከም ነው። ሕመሟ ሐኪሞች ግላኮማ የሚሉት ነው። በዐይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊት ከመጠን በላይ ይሆንና ከዐይን ወደ አንጎል ብርሃንን የሚያደርሰውን ጅማት ቀስ በቀስ ይጐዳዋል። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ዳር ዳሩን ማየት ያቆማል። ከሁሉ የሚከፋው አንድ ጊዜ የጠፋ ብርሃን የማይመለስ መሆኑ ነው፤ መድኃኒቱ የቀረውን ለመጠበቅ እንጂ የሄደውን ለማምጣት አይችልም። በወረዳዋ ያሉት ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ጽፈውላት፣ ወደ አራት ኪሎ ወገን ባለ አንድ ሆስፒታል ቀጠሮ ይዛ ነበር።

እኅቴ ከዐይኗ ሌላ ጕልበቷንም ያማታል። ጧት ጧት በታክሲ ለመግባት የሚደረገውን ግፊያ ልትቋቋም አትችልም። ስለዚህ ከቤታችን ብዙ ሳትራመድ የምትሳፈርበትን አውቶቡስ ለማግኘት ፈለግሁ። ጎረቤት መጠየቅ ይቻለኝ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ሰሞን አንድ አዲስ ጥበብ ተምሬ ስለ ነበረ፣ ትምህርቴን ለመፈተን ይህን የመሰለ አጋጣሚ አይገኝም አልሁ።

ጥበቡን ያስተማረችኝ የታናሽ እኅቴ ልጅ ናት። በዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ በየእሑዱ እየመጣች ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን የከተማችንን ካርታ በኮምፒዩተሯ ከፍታ፣ «አጎቴ፣ የካርታውን ሥዕል ሁሉም ሰው ያያል፤ ከሥዕሉ በስተጀርባ ያለውን ጽሑፍ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያነበው። ላሳይዎት?» አለችኝ። ያሳየችኝም ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለውን ነው። ይህ ካርታ እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት በሚባል ሰው አሳቢነት በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን፣ በመላው ዓለም የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች የየሠፈራቸውን መንገድ፣ ድልድይ፣ ትምህርት ቤትና ማቆሚያ እየጻፉ የሚያሳድጉት የጋራ ሀብት ነው። መውሰድ ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነው፤ ማረም ለሚፈልግም እንዲሁ።

ጽሑፉ የተጻፈበት ሥርዓት ኤክስ ኤም ኤል ይባላል። ሥርዓቱ ደንብ ሆኖ የታወጀው የካቲት 3 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው። ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ልግለጸው። አንድ ትልቅ ግቢ አለ እንበል፤ በግቢው ውስጥ ቤቶች፣ በቤቶቹ ውስጥ ጓዳዎች፣ በጓዳዎቹ ውስጥ ሣጥኖች አሉ፤ በእያንዳንዱ በርና በእያንዳንዱ ክዳን ላይም ስሙ ተጽፏል። የካርታው ግቢ ሦስት ዓይነት ቤት አለው። የመጀመሪያው ነጥብ ነው፤ የራሱ ቍጥር ያለው ሲሆን፣ በምድር ላይ የሚገኝበት ቦታ በሁለት አኃዞች ይነገራል፤ ለእኛ ሠፈር አንደኛው በ9፣ ሁለተኛው በ38 ይጀምራል። ሁለተኛው ነጥቦችን በተራ የሚያያይዝ መስመር ነው። ሦስተኛው ዝምድና ይባላል፤ አንድ የአውቶቡስ ጕዞ የሚጻፈው በዚህ ነው፤ የትኞቹ ማቆሚያዎች፣ የትኞቹ መንገዶች የርሱ አባላት እንደ ሆኑ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል።

እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ የሚፈልጉትን ነገር ለማግኘት መልእክተኛ ይላካል። መልእክተኛው የሚታዘዝበት ቋንቋ የመጠይቅ ቋንቋ ይባላል። እኔ የተማርሁት ኅዳር 6 ቀን 1992 ዓ.ም. የታወጀውንና ኤክስ ፓዝ የሚባለውን ነው። በዚህ ቋንቋ አንድ ያዘነበለ ሰረዝ «አንድ በር ግባ» ማለት ነው፤ ሁለት ያዘነበሉ ሰረዞች «ግቢውን ሁሉ፣ ጓዳ ሳይቀር፣ ፈትሽ» ማለት ነው፤ በቅንፍ ውስጥ የሚጻፈው ደግሞ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ «ይህ ይህ ምልክት ያለበትን ብቻ አምጣ» እንደ ማለት። ልጅን «ጓዳ ግባ፤ ከመደቡ ሥር ካሉት ሣጥኖች ክዳኗ ቀይ የሆነችውን አምጣልኝ» ብሎ እንደ መላክ ያለ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ልጅ ቀይዋን ባያገኝ «ቀይ የለም፤ ዳማዋን ላምጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ መልእክተኛ ግን እንደ ታዘዘው ፈትሾ ካላገኘ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ባዶ እጁን ይመለሳል።

እንግዲህ ከቀጠሮው ቀን በፊት በነበረው ምሽት፣ የእኅቴ ልጅ ለፈተና በትምህርት ቤቷ ስለ ቀረች፣ ብቻዬን ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጥሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን የአባቶች ምክር ረስቼ፣ የሁለት እሑድ ትምህርት ይዤ ጠመጠምሁ። የሠፈራችንን ሰነድ አወረድሁና፣ «የአውቶቡስ ጕዞ ከሆኑት ዝምድናዎች መካከል የካ ሚካኤል የሚል ስም ያለበትን ሁሉ አምጣ» ብዬ ጻፍሁ። መልሱ ባዶ ሆነ። ስሕተት አለ አላለኝም፤ አልገባኝም አላለኝም፤ ባዶ ብቻ። እኔም ደስ እያለኝ ወደ እኅቴ ዞሬ፣ «በዚህ የሚያልፍ አውቶቡስ የለም፤ ጧት በእግራችን እስከ መገናኛ ወርደን ከዚያ እንሳፈራለን» አልኋት።

እኅቴ ጥቂት ዝም አለችና፣ «ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሴቶች ከአውቶቡስ ሲወርዱ ያየሁ መሰለኝ፤ ያውም ከዚሁ ከታች» አለች።

«ተሳስተሽ ይሆናል፤ ሰነዱን አይቻለሁ» አልኋት። ዐይኗ መድከሙን በልቤ አስቤ ነበር፤ በአፌ ግን አልተናገርሁትም። እርሷ ግን የገባት ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረችም።

በማግሥቱ ጧት የመስከረም ካፊያ ይጥል ነበር። ክንዷን ይዤ በእርጥቡ የእግረኛ መንገድ ወደ መገናኛ ስንወርድ፣ ገና ሩቅ ሳንደርስ አንድ አውቶቡስ ከኋላችን መጥቶ አለፈን፤ ግንባሩ ላይ አራት ኪሎ አይልም ነበርና ልቤ ጸና። ትንሽ ቈይቶ ግን ከፊት ለፊታችን ሌላ መጣ፤ ወደ ላይ፣ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ነው። ወደ ኋላዬ ዞሬ ስመለከት፣ ከቤታችን በታች ባለው መታጠፊያ ቆሞ ሰዎችን አሳፍሮ ሄደ። እኔ ይህን ለማየት ስዞር የእኅቴን ክንድ ለቅቄ ኖሮ፣ በጠርዙ ድንጋይ ተሰናክላ በጕልበቷ ወደቀች። ደግ ሰዎች ደርሰው አነሡን። ተሸክመን ወደ ቤት መለስናት፤ ቀጠሮውም አለፈ። በማግሥቱ ወደ ሆስፒታሉ ሄጄ ብለምን፣ የተሰጠን ሌላ ቀን ከስድስት ሳምንት በኋላ ነበር።

የእኅቴ ልጅ በእሑድ መጥታ የሆነውን ሁሉ በሰማች ጊዜ አልወቀሰችኝም። «አጎቴ፣ የጻፉትን ጥያቄ ያሳዩኝ» ብቻ አለችኝ። ከዚያም አብረን አንድ በአንድ መረመርነው። በአንዲቱ ባዶ መልስ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ስሕተቶች ተደብቀው ተገኙ።

የመጀመሪያው የአቅጣጫ ስሕተት ነው። እኔ የማቆሚያውን ስም የፈለግሁት በአውቶቡሱ ዝምድና ውስጥ ነበር፤ ዝምድናው ግን የአባላቱን ስም አይዝም፤ ቍጥራቸውን ብቻ ይይዛል። ስሙ ያለው በሌላ ቤት፣ በነጥቡ ዘንድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት እርምጃ ሊኖረው ይገባል፤ በፊት በስሙ ነጥቡን አግኝቶ ቍጥሩን መያዝ፣ ቀጥሎም ያን ቍጥር ከአባላቱ መካከል የያዘውን ዝምድና መፈለግ። በዚህም ላይ አንዱ ቍጥር ለነጥብም ለመስመርም ሊሰጥ ስለሚችል፣ «አባሉ ነጥብ የሆነውን» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በመዝገብ ቤት የሠራተኛውን ስም በደመወዝ ዝርዝር ላይ ቢፈልግና ዝርዝሩ የመታወቂያ ቍጥር ብቻ የያዘ ቢሆን፣ ሠራተኛው የለም ማለት እንዳልሆነ ይህም እንደዚያው ነው።

ይህን አርመን ጠየቅን፤ መልሱ አሁንም ባዶ ሆነ። ሁለተኛው ስሕተት የፊደል ነበር። እኔ «ሚካኤል» ብዬ የጠየቅሁትን፣ ማቆሚያውን የመዘገበው ሰው «ሚካዔል» ብሎ ጽፎት ኖሯል። ለጆሮ አንድ የሆነው ነገር ለኮምፒዩተር ሁለት ነው። ልጅቱ በመጀመሪያ ስሙን አሳጥራ «ሚካ» የሚለውን ብቻ የያዘ ሁሉ እንዲመጣ ብታዝ፣ ከከተማው ሰነድ አዲሱ ሚካኤልን ጨምሮ ስንቱ ሚካኤል ተሰልፎ መጣ፤ ባዶው ጎርፍ ሆነ። በኋላ ግን የተሻለውን መንገድ አሳየችኝ። በኤክስ ፓዝ ውስጥ አንዱን ፊደል በሌላው የሚተካ መሣሪያ አለ፤ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች 26ቱን ትልልቅ ፊደላት ወደ ትንንሾቹ ለመለወጥ ይጠቀሙበታል። እኛም ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እንዲመልስ አዘዝነው፤ አምስቱ ፊደላት ከነሰባት ሰባት ቤታቸው 35 ይሆናሉ። ከዚህ በኋላ ማንም በየትኛውም ፊደል ቢጽፈው የካ ሚካኤል አንድ የካ ሚካኤል ሆነ፤ አውቶቡሱም ከነማቆሚያዎቹ ዝርዝር ወጣ።

በዚህ ስፍራ ለተማሪዎች የሚጠቅም አንድ ታሪክ ልጨምር። ኤክስ ኤም ኤል በ1990 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ፊደላችን ዓለም አቀፍ በሆነው ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መዝገብ ገና አልገባም ነበር፤ የገባው በሦስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚህም የተነሣ በሣጥኑ ውስጥ አማርኛ መጻፍ ባይከለከልም፣ በክዳኑ ላይ፣ ማለት በመለያው ስም ላይ፣ በግእዝ ፊደል መጻፍ በደንቡ አይፈቀድም ነበር። የደንቡ አምስተኛ እትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 ይህን ክልከላ አነሣ። እንግዲህ ዛሬ «ማቆሚያ» የሚል ክዳን ያለው ሰነድ ለመጻፍ የሚከለክለን ደንብ የለም። በር ከተከፈተ ግን መግባት የባለቤቱ ፈንታ ነው፤ ስማችንን በስንት ዓይነት እንደምንጽፍና እንዴት እንደምንፈልገው ለማስተካከል የሚችለው ቋንቋውን የሚያውቅ የአገሩ ሰው ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ከጥያቄውም ከፊደሉም የራቀ ነው። አውቶቡሱ በዝርዝሩ ተገኘ፤ ከቤታችን በታች ባለው መታጠፊያ ያለው ማቆሚያ ግን አልነበረም። ለምን ቢሉ፣ መንገዱ ከታደሰ በኋላ ማንም አልጻፈውምና። የነጭና ሰማያዊ ታክሲዎቹም ጕዞ እንዲሁ በሰነዳችን አልነበረም፤ በየማለዳው ስማቸው የሚጮኸው መስመሮች በጽሑፍ እንደሌሉ ነበሩ። የተሻለ ጥያቄ ያልተጻፈን ነገር ሊያመጣ አይችልም። ለዚህ ያለው መድኃኒት ወርዶ ማየትና መጻፍ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለታችን ከእንግሊዝ ኤምባሲ እስከ መገናኛ በእግራችን ሄደን፣ አውቶቡስ የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ ከዐይናችን በኋላ ብቻ እያመንን መዘገብን። መገናኛ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያልፈው፣ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው መሥመር ላይ የሚገኘው የባቡር ጣቢያ ግን ቀድሞ ተጽፎ አገኘነው። ከቤታችን በታች ያለውን ማቆሚያ በካርታው ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ። «ሚካኤል» ብዬ በአልፋው አ ጻፍሁት፤ ሌላው ሰው በዐይኑ ዐ ቢፈልገው ግን እንዳያጣው እጸልያለሁ።

በኅዳር ወር በአዲሱ ቀጠሮ ቀን፣ ከቤታችን እስከ ማቆሚያው የአምስት ደቂቃ መንገድ ቀስ ብለን ወርደን በአውቶቡስ ሄድን። ሐኪሙ እኅቴን በትዕግሥት መረመራት፤ የግራ ዐይኗ ዳር ዳር ብርሃን በጣም ጠቦ ተገኘ። ጠብታ መድኃኒት ታዘዘላት፤ ጧትና ማታ እስከ ዕድሜ ልኳ። እኔም ብቻውን አግኝቼ፣ «ዶክተር፣ ይህ የጠፋው በነዚህ ስድስት ሳምንታት ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁት። ሐኪሙም የቀድሞ ምርመራ ስለሌለ የሚያመሳክረው ነገር እንደሌለው፣ ቀድሞ የጠፋ ሊሆን እንደሚችል፣ በነዚያ ሳምንታት የጠፋም ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ይህን ጥያቄ በየትኛውም ቋንቋ አርሜ ብጽፈው መልስ አላገኝለትም፤ ሳይመዘገብ ያለፈ ነገር ነውና።

እኅቴ እስከ ጥር ድረስ ከእኔ ጋር ሰነበተች። ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ፣ ታቦተ ሚካኤል ከሕዝቡ ጋር ወደ መንበሩ ሲመለስ አስፋልቱ በሰው ባሕር ተዘግቶ ዋለ። ያን ዕለት ሰነዱን የጠየቀ ሰው «አውቶቡስ አለ» የሚል መልስ ያገኝ ነበር፤ በመንገዱ ላይ ግን አንድም አልነበረም። ለካስ «የለም» ብቻ ሳይሆን «አለ» የሚለው መልስም ወጥቶ ማየትን አይተካም። እኅቴ ከአጥሩ ጥግ ቆማ እልልታውን እየሰማች፣ «ዛሬስ አውቶቡስ የለም ብትለኝ አምንሃለሁ» ብላ ሳቀች። ይቅርታ የጠየቅኋትና ያገኘሁትም በዚያ ቀን ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ነገር ከኮምፒዩተር ጋር ብቻ አታያይዙት። ባለ ጕዳይ መጥቶ ፋይሉ ተፈልጎ ሲታጣ፣ መዝገብ ቤቱ «የለም» ይላል፤ ሰውየውም ተስፋ ቈርጦ ይሄዳል። «የለም» ማለት ግን ታላቅ ቃል ነው፤ ግቢውን ሁሉ፣ ጓዳውንም ሣጥኑንም፣ በትክክለኛው ስምና በትክክለኛው ቍጥር የፈተሸ ሰው ብቻ ሊናገረው የሚገባ ነው። ከዚያ በፊት የሚነገረው እውነተኛ ቃል «አላገኘሁም» የሚለው ነው። «የለም» በር ይዘጋል፤ «አላገኘሁም» ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ በሌላ ፊደል ልፈልገው፣ በሌላ ክፍል ልጠይቅ፣ ወይም ማንም ሳይጽፈው ቀርቶ ይሆን ብሎ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። መምህራንም ተማሪዎቻችሁን መልስ ስታስተምሩ አጠያየቅንም አስተምሯቸው፤ ባዶ መልስ በገጠማቸው ጊዜ በመጀመሪያ የራሳቸውን ጥያቄ እንዲመረምሩ አልምዷቸው።

እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ሰነድ ጠይቄ ባዶ መልስ ሲመጣልኝ፣ ከመናገሬ በፊት ተነሥቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ፤ ወደ ታችም ወደ አስፋልቱ እመለከታለሁ። ብዙ ጊዜ አንድ አውቶቡስ ሲያልፍ አያለሁ።